ከስልሳ በላይ አልነዱም እንበል

እኛ የሒሳብ ሰዎች አንድ ለሌላው ሰው የማይገባ ጠባይ አለን። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ለማሳየት ስንፈልግ እውነቱን ወደ ጎን ትተን ውሸቱን እንጋብዘዋለን። «ና ግባ፣ ልክ አንተ ነህ» እንለዋለን። ወንበር እናቀርብለታለን፣ የሚናገረውን ሁሉ አሜን ብለን እንቀበላለን፣ አብረነውም መንገድ እንወጣለን። እሱም ደረቱን ነፍቶ ከእኛ ጋር ትንሽ እንደተጓዘ በገዛ እግሩ ሄዶ ገደል ይገባል። ያን ጊዜ እጃችንን አራግፈን «ስለዚህ እውነቱ ተቃራኒው ነው» እንልና ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ይህ ዘዴ በትምህርት ቤት ቋንቋ ኮንትራዲክሽን ይባላል። ከሰው ሳይጣሉ መርታት ማለት ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እስቲ ይህን ዘዴ እኛ አገር ለማስተማር ሞክሩ። እኔ መርሳ ከተማ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ካልኩለስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ችግሬ ከዴሪቬቲቭ ጋር አይደለም፣ ዴሪቬቲቭስ ጨዋ ነገር ነው። ችግሬ «እንበል» ከምትለው ቃል ጋር ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ነገርን «ሆነ እንበል» ብሎ ነገር የለም፤ ከአፍ ከወጣ ሊሆን ነው። አንድ ቀን ያልተቆረጠ መስመር ምን እንደሆነ ላስረዳ ብዬ «የግራና መንገድ መሐሉ ላይ ተቆርጧል እንበል» ብል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ኧረ በአላህ! እናቴ ዛሬ ግራና ገበያ ወጥታለች፣ በዚያው ነው የምትመለሰው!» ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። «ቃልዎን ይመልሱ» ተባልኩ። መለስኩ። መንገዱን በአፌ ጠግኜ፣ የልጅቱን እናት በሰላም ቤቷ አስገብቼ ነው ትምህርቱን የቀጠልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በተማሪ ዘንድ ስሜ «ሟርተኛው» ሆኖ ቀረ።

እናንተም አትሳቁብኝ፣ ያው ናችሁ። አሁን እዚህ ላይ «እንበልና ዛሬ ወደ ቤትህ ስትገባ...» ብዬ ብጀምር ገና ሳልጨርስ «በስመ አብ» ወይ «አዑዙ ቢላህ» ብላችሁ ገጹን ትገለብጡታላችሁ።

በዚህ ሁሉ አገር «እንበል» ስል እስከ መጨረሻው የሰማችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሕይወት ትባላለች። ሲሪንቃ ላይ በማሽላ ዘር ሙከራ ትሠራለች፤ ሥራዋ ራሱ «ይህ አዲስ ዘር ከድሮው አይሻልም እንበል» ብሎ ጀምሮ ማሳው የሚለውን መጠበቅ ስለሆነ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትዕግሥት አላት። አንድ ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ «አልወድሽም እንበል» አልኳት። ሌላ ሴት ብትሆን ጫማዋን ታወልቅልኝ ነበር። ሕይወት ግን እጇን አጣጥፋ «ከዚያስ?» አለችኝ።

«ካልወደድኩሽ ሲሪንቃ ላይ ምንም ጉዳይ የለኝም። ዘመድ የለኝም፣ የምገዛው ዕቃ የለም፣ ማሽላም አልዘራም። ጉዳይ የሌለው ሰው ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚህ ከሚኒባስ አይወርድም። እኔ ግን ይኸው ወርጄ ቆሜአለሁ።»

ትንሽ አሰበች። ጫማዬን፣ ከዚያ የመጣሁበትን መንገድ አየች። «ማስረጃው ስህተት የለበትም፤ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ መርሳ በምን እንደገባሁ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

አሁን አባቷን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ደምሴ መርሳ ነው የሚኖሩት፤ ከወልድያ መርሳ የሚመላለስ ሚኒባስ አላቸው፤ ራሳቸው ናቸው የሚነዱት። የሚኮሩበት ነገር አንድ ነው፦ «በዚህ መንገድ ከስልሳ በላይ ነድቼ አላውቅም»። ይህንን ሲናገሩ ሌላው ሰው «ሐሰት በአፌ ገብቶ አያውቅም» ሲል በሚያሰማው ድምፅ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ለእሳቸው አደራ ይሰጣሉ፣ ነፍሰ ጡር ወረፋዋን ጥላ እሳቸውን ትጠብቃለች። እኔንም «መምህር» እያሉ በደንበኝነት ያውቁኛል እንጂ ልጃቸውን የምፈልግ ሰው መሆኔን አያውቁም። ሕይወት ለእናቷ ብቻ «እሑድ ረፋድ ላይ ከወልድያ ሽማግሌ ይመጣል» ብላ ነግራ፣ እናቷ ለጋሽ ደምሴ ይህችኑ አስተላልፈዋል። የማን ሽማግሌ እንደሆነ እዚያው በር ላይ ይነገራል፤ ወጉ እንዲያ ነው።

ለሽምግልናው ከአጎቴና ከአንድ ጎረቤታችን በፊት የታሰቡት ሐጂ ሙሔ ናቸው። ወልድያ ውስጥ እኔ በተወለድኩበት ሰፈር ክርስቲያንም ሆነ እስላም ልጁን ሊድር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሐጂ ሙሔን በር ነው፤ ጠይቀው እንቢ የተባሉበት ቤት የለም ይባልላቸዋል። እሑድ ጠዋት ሁሉም ነጭ በነጭ ሆኖ ተሰናዳ። አጎቴ የተዋሳት መኪና ግን አልነሳም አለች። ገፋናት፣ ለመንናት፣ ሐጂ ሙሔ ቁርኣን ቀሩባት፣ አጎቴ በማርያም ማለዳት። ወይ ፍንክች! ያለን ምርጫ መናኸሪያ ወርዶ ተራ የደረሰው ሚኒባስ ላይ መሳፈር ብቻ ነበር። እኔም መኖሪያዬ መርሳ ስለሆነ አብሬአቸው ሄድኩ።

ተራ የደረሰው የማን ይመስላችኋል?

ጋሽ ደምሴ «ረፋድ ላይ እንግዳ አለብኝ፣ አንድ ዙር ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ወጥተው ኖሮ ተራ ይዟቸው ቀርቷል። እኔ መኪናዋን አይቼ ሽማግሌዎቹን ልመልስ ስል ሐጂ ሙሔ ጋቢና ገብተው በሩን ዘግተዋል። በመስኮቱ ጠጋ ብዬ «ሐጂ፣ ሹፌሩ እኮ አባቷ ናቸው» ብዬ ሹክ አልኳቸው። ደነገጡ። ከዚያ ግን ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «የሽምግልና ጉዳይ በመንገድ ላይ አይነሳም። ደጁ ላይ ሳንቆም ትንፍሽ ማለት ነውር ነው። ሂድ ተቀመጥ» አሉኝ። ሄጄ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው የሦስት ሰዓት ዜና ሲጀምር ከመናኸሪያው ወጣን።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር አደረግሁ። ስልኬን አወጣሁና ለሕይወት «ተነስተናል» ብዬ ጻፍኩላት። ሕይወት ለእናቷ ነገረች። እናቷ ስልክ አንስተው ለባላቸው ደወሉ። የጋሽ ደምሴ ስልክ ድምፁ ከሬዲዮው ይበልጣል፤ ሁላችንም ሰማን።

«አንተ ሰውዬ የት ነህ? ሽማግሌዎቹ ከወልድያ ተነስተዋል አሉ!»

«እኔም ተነስቻለሁ!»

«ቀድመውህ ደርሰው ቤቱን ባዶ ቢያገኙት ምን እላለሁ? ኧረ አታዋርደኝ!»

«እኔን? እኔን ማን ይቀድመኛል!» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መንገዱ ያውቃል። ጋሽ ደምሴ ሽማግሌዎቹን ለመቅደም ነዱ፤ ሽማግሌዎቹም በጋሽ ደምሴ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው በዚያው ፍጥነት ተከተሏቸው። በየመታጠፊያው «ደግሞ በየትኛው መኪና ይሆን የሚመጡት?» እያሉ በመስታወት ወደ ኋላ ያያሉ። ጋቢና ያሉት ሐጂ ሙሔ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» ይላሉ፤ መሐል ወንበር ላይ ያለው አጎቴ የራሱን ቅዱሳን በየተራ ይጠራል። «ኧረ እኛ ነን፣ ይረጋጉ!» ብሎ አንድ ቃል መተንፈስ ሁላችንንም ያድነን ነበር። ግን ደጅ ላይ አልቆምንም። ወግ ነውና ዝም ብለን በረርን። ሲሪንቃን ሳያት አለፈች፤ እንደወትሮዬ ልወርድ ብፈልግ እንኳ ጊዜ አልነበረም።

ከእኔ ፊት እትዬ ዘሀራ ተቀምጠዋል። መርሳ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ከወልድያ የገዙትን ብርጭቆ ጭናቸው ላይ አቅፈዋል፣ ብርጭቆውም መንገዱን በሙሉ ሲንጫጫ ነው የመጣው። «ደምሴ! አላህን ፍራ እንጂ! ቀስ በል!» ይጮሃሉ። «ከስልሳ አላለፍኩም፣ አብሽሪ!» ይላሉ ጋሽ ደምሴ።

መርሳ ስንገባ ሬዲዮው ሦስት ሰዓት ከሃያ አለ። ጋሽ ደምሴ የእትዬ ዘሀራ ሱቅ በር ላይ ሲያቆሙ ሁላችንም ወረድን፤ እትዬ ዘሀራ ብርጭቋቸውን አንድ በአንድ አይተው፣ አንዱም አለመሰበሩን ካረጋገጡ በኋላ የባሰ ተቆጡ።

«ሰው ነው ወይስ ገለባ የጫንከው? ዛሬማ ከስልሳ በላይ ነድተሃል!»

ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ተለወጠ። ይህ እንግዲህ ለእሳቸው ትልቅ ስድብ ነው። «እኔ? ይኸው ቆጣሪው፣ እዩት!» አሉ። አየነው። የቆጣሪው መርፌ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ዜሮ ላይ ተጋድሟል። በቆጣሪው ከሄድን ገና ከወልድያ መናኸሪያ አልወጣንም። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ወረወር አድርገው እኔን አገኙ።

«ይኸው የሒሳብ መምህር! መምህር፣ በል በሕዝብ ፊት ተናገር። ደምሴ ከስልሳ በላይ ነድቷል?»

እኔን ሁኑልኝ። «ነድተዋል» ብል በዚያች ሰዓት ልጃቸውን ልጠይቅ የመጣሁ ሰው በሕዝብ ፊት አማቴን ዋሾ አልኩ ማለት ነው። «አልነዱም» ብል ደግሞ ከወልድያ መርሳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የመጣነው በሃያ ደቂቃ ነው፣ በአማካይ ዘጠና የሄደ መኪና የሆነች ቅጽበት ላይ ዘጠናን ሳይነካ መርሳ ሊገባ እንደማይችል ደግሞ ያስተማርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ከሰዉ መሐል ሁለት ተማሪዎቼ ቆመዋል። ያን ጊዜ ያ የለመድኩት ዘዴ ትዝ አለኝ፤ ሰውን ሳይጣሉ የሚረቱበት። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደምለው ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

«ጋሽ ደምሴ ከስልሳ በላይ አልነዱም እንበል...»

«ሰማችሁ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ሰማችሁ! የተማረ ሰው ተናገረ!» ግንባሬን ሁለት ጊዜ ሳሙኝ። «እንግዳ አለብኝ፣ በሉ ደኅና ዋሉ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ገብተው ወደ ቤታቸው ከነፉ። ማስረጃዬ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሮ ቀረ።

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «አንተም መምህር ተብለህ!»

«እትዬ ዘሀራ፣ አልጨረስኩም እኮ!»

«ጨርሳ!»

ጨረስኩ። ሐጂ ሙሔም ጠጋ ብለው ሰሙ። «ከስልሳ በላይ ካልነዱ በደቂቃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አልሄዱም። በሃያ ደቂቃ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ አልሄዱም። ስለዚህ አሁን ያለነው ሲሪንቃን አለፍ ብሎ ካለው ማሽላ መሐል ነው። መርሳ ገና አልደረስንም።»

እትዬ ዘሀራ ዞር ብለው አዩ። «ታዲያ ይሄ የማን ሱቅ ነው?»

«የእርስዎ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ከስልሳ በላይ ነድተዋል።»

«ታዲያ ይሄን መጀመሪያ ብትለው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ ከእኔ የበለጠ የተማሩ ሰዎችም መልስ ያላቸው አይመስለኝም።

ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ጋሽ ደምሴ ቤት አመሩ፤ እኔ ቤቴ ሄጄ ግድግዳ ማየት ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ያጫወተኝ አጎቴ ነው። ጋሽ ደምሴ ጋቢ ለብሰው፣ ከንጋት ጀምሮ ከቤት ያልወጡ ሰው መስለው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ ቅድም ያወረዷቸው ተሳፋሪዎች ደጃቸው ላይ ተሰልፈዋል። «ምነው፣ ዕቃ ረስታችሁ ነው?» አሉ።

«ዕቃ አልረሳንም» አሉ ሐጂ ሙሔ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣን።»

የማን ሽማግሌ እንደሆኑ ሲነገር ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ያ የመሰከረልኝ መምህር? እሱ ነው ልጄን የሚፈልገው?» በአገራችን ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን «ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን» ተብሎ በቀጠሮ ይመለሳል፤ እሺ የሚል አባት ልጄን ልገላገል ያለ ይመስላል። ጋሽ ደምሴ ግን «ይሄማ ምን ይመከርበታል!» ብለው እዚያው ፈቀዱ። ሐጂ ሙሔ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ «ልጁ እኮ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር» ብለው ሊያስረዱ ሞክረዋል። «የፈለግኩትን ብሏል፤ መጨረስ አያስፈልገውም!» ብለዋቸው ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ።

አጎቴ በስልክ የምሥራቹን ሲነግረኝ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ገና መሬት ሳልነካ ሁለተኛ ስልክ ተደወለ፤ ሕይወት ነበረች። ድምፅዋ ከደስታ ወገን አልነበረም።

«አባቴ ለመጣው ሰው ሁሉ 'መምህሩ መሰከረልኝ' እያለ ነው። 'ተነስተናል' ብለህ የጻፍክልኝ ሰዓት እዚህ ስልኬ ላይ አለ። አባቴ በር ላይ መኪናውን ሲያቆምም አይቻለሁ። ምንድን ነው ያልከው?»

«አልነዱም እንበል ነው ያልኩት። ሳልጨርስ ሄዱ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ፈቅደው የለ! ምን...»

«ስማ» አለችኝ። «አባቴን ደስ እንዲለው ብሎ እውነቱን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያወርድ ሰው ነገ እኔንም ደስ ይበላት ብሎ ያወርደዋል። እኔ እሱን አላገባም። መጥተህ ጨርስ፤ ካልጨረስክ የአባቴን እሺ ይዘህ ኑር።»

ይኸውላችሁ፣ አባትየው የወደዱኝ ለመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ልጅቱ የምትፈልገው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ከሁለቱ አንዱን ባጣ ሠርጉ የለም። ሽማግሌ በተላከበት ቀን ጠያቂው ራሱ እዚያ ቤት ዘው ብሎ መግባቱ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ እያወቅሁ ሄድኩ። ስገባ አጎቴ በጉርሻ ታነቀ። ሕይወት የጓዳው በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ቅድም ያቋረጡኝን ልጨርስ ነው የመጣሁ» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ደቂቃውን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ማሽላውን፣ የእትዬ ዘሀራን ሱቅ አንድ ሳላስቀር። «ስለዚህ ከስልሳ በላይ ነድተዋል» ብዬ ጨረስኩ። እጄን ማራገፉን ግን ተውኩት።

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ሽማግሌ ቀድሞኝ ደጄን ባዶ እንዳያገኘው ብዬ ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ወላሂ ጋሽ ደምሴ» አሉ ሐጂ ሙሔ፣ «እኛ ልንቀድምዎ ብንፈልግስ በየት በኩል እናልፍ ነበር? ጋቢና አይደለ ያስቀመጡኝ!»

አጎቴ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ማንም ሊይዘው አልቻለም። ጋሽ ደምሴ ብቻ ሳይስቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ስትጀምር እኔ ልክ እንዳልሆንኩ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅክ ልክ ነዎት እንበል ብለህ ጀመርክ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

በቃ አለቀልኝ ብዬ ሕይወትን አየኋት። ጋሽ ደምሴ ግን ጭናቸውን መታ አደረጉና ወደ ሐጂ ሙሔ ዞሩ። «ሐጂ፣ ይሄ ልጅ ለትዳር የተፈጠረ ነው! እኔ ከልጅቱ እናት ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን የኖርኩት በምን ይመስልዎታል? በጠብ መሐል 'እሺ፣ አንቺ ልክ ነሽ እንበል' ብዬ ነው የምጀምረው።»

ከጓዳ ውስጥ የሕይወት እናት ድምፅ መጣ። «ከዚያስ?»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኛ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚያ አልፌ ሄጄ አላውቅም» አሉን።

ተጋባን። ጋሽ ደምሴ ዛሬም ከስልሳ በላይ ነድቼ አላውቅም ይላሉ፤ ማስረጃ ሲጠየቁ «አማቼ መስክሯል» ይላሉ። እኔም ክፍል ውስጥ ኮንትራዲክሽን ማስተማሬን አልተውኩም። ሰሞኑን ከሕይወት ጋር የአልጋው ራስጌ በየት በኩል ይሁን በሚል ክርክር ገጠምን። በእኔ በኩል የማይነቃነቅ ማስረጃ አለኝ፣ በመስኮቱና በበሩ አቀማመጥ ላይ የቆመ፣ ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ንጹሕ ማስረጃ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እሺ፣ አንቺ ልክ ነሽ እንበል» ብዬ ጀመርኩ።

እጇን አጣጥፋ አየችኝ። «ከዚያስ?»

አልጋውን ገፋሁት።